መርዶውን አታቆዩበት

«አክስቴ፣ እማዬን አገናኚኝ።»

«ተኝታለች፣ ልጄ። ትንሽ አሟት ነው እንጂ ደህና ናት።»

ይህን የሰማሁት ቨርጂኒያ፣ ጎረቤቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ደዋዩ ልጅ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ነው፤ የደንብ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። እናቱ ካረፈች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ደሴ ያሉ ዘመዶቹ ብቻውን በሰው አገር እንዳይደነግጥ ብለው ደብቀውታል።

ከፍቅር የመጣ ነው፤ እኔም የአባቴን ሞት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ወታደር ላይ ግን እያንዳንዷ የተደበቀች ቀን ከጉዞው ላይ ትቀነሳለች።

የአሜሪካ ወታደር በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አለው። ቀኑ የራሱ ቢሆንም እንደ እኛ ትኬት ቆርጦ ቦሌ አይወርድም። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ለየአገሩ ያወጣው የጉዞ መመሪያ አለ። እንደ አገሩ ሁኔታ የፀረ ሽብር ትምህርት፣ ቢታገት እንዴት እንደሚተርፍ የሚያሳይ ሥልጠና፣ አፓክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚገባ ማመልከቻ ይጠየቃል። የአዛዥ ፈቃድማ የግድ ነው። ምስጢራዊ ሰነድ የማየት ፈቃድ ካለውም የግል ጉዞውን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

ለሐዘን አስቸኳይ ፈቃድ የሚባል አለ። አዛዦች ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀይ መስቀልን ማረጋገጫ ይጠብቃሉ። ቀይ መስቀል ደግሞ የታመመውን ወይም የሟቹን ሙሉ ስም፣ ቀኑን፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሐኪም ወይም ሌላ ሰው ስልክ ይፈልጋል። «ትንሽ አሟት ነው» በሚል ቃል ማን ምን ያረጋግጣል?

ሌላም አለ። እኛ ዘንድ ያሳደገች አክስት እናት ናት። ወረቀቱ ላይ «አክስት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ጥያቄው ሊወድቅ ይችላል። ደንቡ በወላጅ ቦታ ሆኖ ላሳደገ ሰው ቦታ ስላለው፣ «ያሳደገችኝ እሷ ናት» ብሎ ከመጀመሪያው መናገር ያስፈልጋል።

ዘመዶች ሆይ፣ በስልክ አርዱት አላልኩም። አጠገቡ ላለ አበሻ ጓደኛ በዚያው ቀን ደውሉ፤ ሰው አሰባስቦ ማለዳ በሩን ያንኳኳለት። እናንተም ልጆች፣ ፓስፖርታችሁን አድሱ፣ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያችሁን አውጡ፣ ሥልጠናውን ሰው ሳይታመም ጨርሱ።

ያ ወታደር ልጅ ደሴ የገባው እናቱ ባረፈች በ12ኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ግቢው ውስጥ ካስማው የተነቀለበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ ነበር።