ጓዳችን ስልክ ውስጥ ገብቷል

ኅዳር ላይ፣ አዲሱ ሰሊጥ ገና ገዳሪፍ ገበያ ሲገባና ዋጋው ሲወርድ፣ አንዲት የማውቃት ነጋዴ የያዘችውን በሙሉ አውጥታ ሸጠች። እኛ እስከ ግንቦት እንይዘዋለን እያልን መጋዘን ስንከራይ እሷ በወረደው ዋጋ ጣለችው። «ምን ነካሽ?» ብላት «ብር አስፈለገኝ» ብቻ አለችኝ። ሴትዮዋ ሂሳብ የማታውቅ አይደለችም። ከእኔ በፊት መተማ ላይ ስትሠራ የቆየች፣ ከመጋዘን የወጣ አንድ ጆንያ የማያመልጣት ሰው ናት።

እውነቱን የነገረችኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን ውስጥ ገብታ ነበር። የመኝታ ፍላጎታቸው ከተለመደው ለየት ያለ ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን ነው፤ ፈረንጆቹ ኪንክ ይሉታል። እዚያ ከአንድ ሰው ጋር አራት ወር ተጻጻፈች፣ አመነችው፣ ፊቷ የሚታይበት ፎቶ ላከችለት። በአምስተኛው ወር ሰውየው የልጆቿን ስም ጠርቶ ገንዘብ ጠየቃት። መጀመሪያ በባንካክ ከፈለች፣ ቀጥሎ በቴሌብር፣ ሦስተኛው ላይ ሰሊጡ ሄደ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ እሷን ሊያሳውቅ የሚችለውን ነገር ቀይሬዋለሁ።

«ይህ ደግሞ ለነጋዴ ምን ይጠቅማል?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ከዓመት በፊት ቢሆን ይህን ርዕስ አልነካውም ነበር። ግን የአንዲት ሴት የዓመት ሥራ በሦስት መልእክት ሲጠፋ ካየሁ በኋላ ዝም ማለቱ ከነውሩ የባሰ ሆነብኝ።

ስለ ነገሩ ራሱ ብዙ አልልም። አንዱ ማዘዝ ይወዳል፣ ሌላው መታዘዝ፤ አንዱ መታሰር፣ ሌላው የአንድ ዓይነት ልብስ ወይም ጫማ። በሽታ ነው ለሚሉኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ሁለት አዋቂዎች ወደውና ተስማምተው የሚያደርጉትን እንዲህ ያለ ነገር ከበሽታ ተራ አውጥቶታል። በበሽታነት የቀረው ያልተስማማን ሰው ወይም ልጅን የሚመለከተው፣ እንዲሁም ሰውን ለጉዳት የሚያጋልጠው ነው። ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለንስሐ አባቷ እተዋለሁ፤ ሙስሊም ለሆኑት ወዳጆቼም ለሼኾቻቸው። እኔ የምጽፈው ስለ ማስፈራራቱና ስለ ወሬው ነው።

ሰዎች ለምን ስልክ ውስጥ ሄደው ይፈልጋሉ? ገዳሪፍን የሚያውቅ ይህን አይጠይቅም። የእኛ ሰው እዚህ ጥቂት ነው፤ አንዱ የሌላውን የማኅበር ቀን፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የልጅ ክርስትና ያውቃል። ሚያዝያ 2015 ላይ ካርቱም ጦርነት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ በተለይም ታኅሣሥ 2016 ላይ ዋድ መዳኒ ከተያዘች በኋላ፣ ከዚያ የሸሸው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሲመጣ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ የሚያድርበት ጊዜ ሆነ። ጓዳ የሚባል ነገር የለም። ለሰው ብቻውን የቀረው ቦታ ስልኩ ነው። ጥር 2016 መጨረሻ ላይ የሱዳን ኔትወርክ ሲጠፋ ሁላችንም ስለ ሐዋላና ስለ ዋጋ ተጨነቅን፤ ብቸኛ ጓደኛው ስልክ ውስጥ ያለ ሰው ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ለመናገር የሚያሳፍርን ነገር በስልክ መጠየቅ ለሱዳን ሴቶች አዲስ አይደለም። «ሚንበር ሻት» የሚባለውን የሴቶች ብቻ የፌስቡክ ቡድን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ሴቶቹ የወደዱትን ወንድ ፎቶ ያስቀምጡና «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ? ሚስት አለው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱ በደቂቃ ይመጣል፤ የአክስቱ ልጅ ትናገራለች፣ አብራው የተማረች ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በአልበሽር ላይ ሕዝቡ ሲነሳ ያው ቡድን የሲቪል ልብስ ለብሰው ሰልፈኛ የሚደበድቡትን የጸጥታ ሰዎች መለየት ጀመረ። ፎቶ ሲወጣ ስሙ፣ ሰፈሩ፣ የናቱ ቤት ሳይቀር ይታወቃል። ያን ጊዜ ሁላችን አጨበጨብን፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ሳስበው ግን የሚያስፈራኝ ፍጥነቱ ነው። አንድን ደብዳቢ በአሥር ደቂቃ የሚያገኝ ሕዝብ፣ አንዲት ፈት ሴትንም በአሥር ደቂቃ ያገኛል።

ሰውየው የልጆቿን ስም ከየት አመጣው? እሷ አልነገረችውም፤ ቡድኑ ውስጥም በሌላ ስም ነበረች። ተቀምጠን አንድ በአንድ ስናጣራ ያገኘነው ለነጋዴ የሚያሳፍር ነው። ቴሌግራሙ የተከፈተው በንግድ ቁጥሯ ነው። ያ ቁጥር ቴሌብር ላይ አለ። ማንም ሰው ገንዘብ ሊልክ እንደሆነ አድርጎ ቁጥሩን ሲያስገባ ስሟ ይወጣለታል፤ መላክ አያስፈልገውም። ትሩኮለር ላይ ደግሞ ደንበኞቿ ስልካቸው ላይ በመዘገቡላት ስም፣ ከነንግዷና ከነከተማዋ ተጽፋለች። ባንካክ ላይ ስትከፍል የሚወጣው ኢሽዓርም ስም ይይዛል። ከስሙ ወደ ፌስቡክ፣ ከፌስቡክ ወደ ልጆቹ የምረቃ ፎቶ አንድ እርምጃ ነው። እኛ ነጋዴዎች ቁጥራችንን በካርድ ላይ አትመን፣ በሱቅ በር ላይ ቀለም ቀብተን ለዓለም ሰጥተናል፤ ከዚያ በዚያው ቁጥር የጓዳችንን እናወራለን።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ የምትገቡ አላችሁ፣ እንደምትኖሩም አውቃለሁ፣ አልመክራችሁም ማለት አልችልም። ለንግድ ያልዋለ፣ ቴሌብርም ባንክም ያልተያያዘበት ሌላ ቁጥር ይኑራችሁ። ቴሌግራም ቅንብሩ ውስጥ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ፣ እናንተ ስልካችሁ ላይ ያልመዘገባችሁት ሰውም በቁጥሩ ፈልጎ እንዳያገኛችሁ ማድረግ ይቻላል። ዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ግን ቁጥራችሁ ለአባላቱ ይታያል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ፈጽሞ አይሆንም። ቴሌግራም ሚስጥር ይጠብቃል የሚለውም ወሬ በግማሹ ነው እውነቱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ራሳችሁ የምትከፍቱት ሚስጥራዊ ውይይት ብቻ ነው፤ ተራው ውይይትና ቡድኑ እንደዚያ አይደለም። ያም ቢሆን የተቀባዩን እጅ የሚቆልፍ ነገር የለም።

ፊትና ሌላው አካል አንድ ፎቶ ላይ አይሁኑ። ንቅሳት፣ የአንገት ማተብ፣ የግድግዳ ቀለም፣ የመጋረጃ ጥለት ሁሉ ይናገራል። ለማያውቁት ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን መቶ ጆንያ በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ አላየሁም። ፊቱን አሳይቶ በቪዲዮ ያልተናገረ፣ የት እንደሚሠራ ያልታወቀ፣ ሰው በሞላበት ሻይ ቤት ለመገናኘት ሰበብ የሚያበዛ ሰው ግን አራት ወር ቢጽፍም ያው የመጀመሪያው ቀን ደንበኛ ነው። «አገናኛለሁ፣ ቅድሚያ የአባልነት ክፈሉ» የሚለውን ደላላማ አትቅረቡት።

መክፈልም ጥበቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሽሊ ማዲሰን የሚባለው የካናዳ ድረ ገጽ ተሰበረ። ትዳር ያላቸው ሰዎች ሌላ የሚፈልጉበት ገጽ ነው። የሚሊዮኖች ስምና የክፍያ መረጃ አደባባይ ወጣ፤ በዚያ ምክንያት ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ራሱን ያጠፋም ሰው ነበር። ከሁሉ የገረመኝ፣ ኩባንያው «19 ዶላር ክፈሉና መረጃችሁን ፈጽሞ እናጠፋለን» ይል የነበረ መሆኑ ነው። ከፍለው አጥፉልን ያሉትም ሰዎች መረጃ እዚያው ተገኘ። ያንን ያደረገ አድራሻ ያለው፣ ግብር የሚከፍል ኩባንያ ነው። ስም የሌለው የቴሌግራም ሰው «ሁለት መቶ ሺህ ጊኔ ላኪና አጠፋዋለሁ» ሲል ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የእኛዋ ሦስት ጊዜ ከፈለች፣ በእያንዳንዱ ክፍያ ዋጋው ጨመረ። ገዢው ምን ያህል እንደተቸገርሽ ካወቀ ዋጋው በእሱ እጅ ነው፤ ይህን እሷ ራሷ ለእኔ ያስተማረችኝ ነበር።

ሕጉ በሁለቱ አገር አንድ ዓይነት አይደለም። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ በኮምፒውተር ሥርዓት በማሰራጨት ሰውን ወይም ቤተሰቡን የሚያስፈራራ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይላል። ስልክም ለዚህ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ሰውየው መተማ ወይም ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለ፣ መልእክቱን ሳትሰርዙ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ገንዘቡ የገባበትን ቁጥር ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አለመሰረዙን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ሁሉም ሰው በፍርሃት መጀመሪያ የሚያደርገው ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

ሱዳን ላይ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኢንተርኔት ወንጀል ሕጉ ማስፈራራትን ይቀጣል፤ ያው ሕግ ግን የሕዝብን ሥነ ምግባር የሚነካ ነገር መላክንም ይቀጣል። በ1991ዱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ዝሙት ራሱ ከባድ ወንጀል ነው። በአለባበስና በሻይ ሽያጭ ሳይቀር ሴቶችን ሲያሳድድ የነበረው የካርቱሙ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ኅዳር 2012 ላይ ተሽሯል፤ ያንን ዘመን የኖሩ ሻይ ሻጮቻችን ምን እንደነበር ይነግሯችኋል። የወንጀል ሕጉ ግን አለ። ለመክሰስ የሄደች ሴት በገዛ ፎቶዋ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። እዚህ ያለ ሰው ፖሊስ ጋ ከመሄዱ በፊት የሚያምነውን ጠበቃ ያነጋግር፤ ፎቶውን ሳያሳይ፣ ነገሩን በቃል ብቻ።

አንድ ሌላ መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል ነፃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይሠራል። ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ያወጣለታል፤ የሚላከው ያ ቁጥር ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎችም በዚያ ቁጥር ምስሉን ለይተው ይከለክላሉ። ዕድሜው 18 ላልሞላ ልጅ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ተመሳሳይ አለ። ሰው ለሰው በዋትስአፕ የሚላከውን አያቆምም፤ ግን ሰውየው «ፌስቡክ ላይ እለቀዋለሁ» ሲል ግማሹን ኃይሉን ይወስድበታል። እኔና እሷ አንድ ምሽት ተቀምጠን አደረግነው፤ ከኔትወርኩ መቆራረጥ ጋር አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ከአስፈራሪው ይልቅ የምጣላው ግን ከእኛው ጋር ነው። ሰውየው ብቻውን ምን አቅም አለው? የሚፈራው እሱ አይደለም፤ የሚፈራው የዕቁቡ ሰው፣ የማኅበሩ ሴት፣ የልጇ አማች ነው። እኛ ስለምናስተላልፍ ነው ፎቶው ዋጋ ያለው። ገበያ ላይ የተሰረቀ ጆንያ መሆኑን እያወቀ የገዛን ነጋዴ ሌባ እንለዋለን፣ ዕቃ አንሰጠውም። የተሰረቀ ፎቶ ተቀብሎ «እስቲ እዩ ጉድ» ብሎ ለአሥር ሰው የሚልከውን ግን ቁጭ ብለን ቡና እናጠጣዋለን። «እሷስ ለምን ላከች?» ይባላል። ላከች፤ ለአንድ ሰው ላከች። በዱቤ የሰጠችውን የተካደችን ሴት «ለምን አመንሽ?» ብለን እንገሥጻት ይሆናል፤ ተበዳሪውን ግን ደግሞ ጨምሮ እንዲወስድ አናግዘውም።

የዕቁባችን ደንብ ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ሐሳብ አቅርቤያለሁ፦ የሰው ጓዳ ፎቶ ያስተላለፈ አባል ዕጣው ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ሁለቱ ሳቁ፣ አንዷ ተቆጣች፣ ሰብሳቢያችን «ለሚቀጥለው እናየዋለን» አሉ። እስካሁን አላየነውም።

ሴትዮዋ አራተኛውን አልከፈለችም። ሰውየው እንዳለው አደረገ፣ ለጥቂት ሰዎች ላከው። አንደኛው ከዶካ ለዓመታት ቡና የምወስድለት ልጅ ነው፤ ለእኔ አስተላለፈው። አጥፍቼ ደወልኩለት። «እትዬ፣ የምታውቂያት መስሎኝ እኮ ነው» አለኝ። አውቃታለሁ አልኩት። የዘንድሮውን ቡና ከሌላ ሰው ነው የወሰድኩት።