ኮት የማይሰቀልበት ቢሮ

ምሩቁ የመንግሥት ቅጥር ከሚጠብቅ ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ኩባንያ ቢሠራ ይሻለዋል የሚል ዜማ ከባለሥልጣናት አፍ ደጋግመን እንሰማለን። ዜማው መጥፎ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል። ለመሆኑ ኮድ መጻፍ የቻለ ሁሉ ከቤቱ ሆኖ መሥራት ይችላል?

እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ የምከፈለው በጽሑፍ ቁጥር ነው። ስለዚህ ይህን ዓይነት ሥራ በወሬ አይደለም የማውቀው። ማንም አያይህም። የሚታየው ያስረከብከው ሥራና ያስረከብክበት ሰዓት ብቻ ነው። ያልገባህን በጽሑፍ ትጠይቃለህ፤ የምትዘገይ ከሆነ ቀድመህ ታሳውቃለህ፤ ዋጋህን ሳታፍር ትናገራለህ። ፈረንጁ 3 ሰዓት ሲልህ በኛ 9 መሆኑን፣ እሱም ላይ የአገሩ የሰዓት ልዩነት እንደሚጨመር ካላወቅህ ገና በቃለ መጠይቁ ቀን ቀረህ!

ዩኒቨርሲቲው ይህን የት ያስተምራል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የመውጫ ፈተና አለበት፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ለደንበኛ ግን "መልሱ ለ ነው" ተብሎ አይጻፍም። በመጨረሻው ዓመት ሌላ ከተማ ካለ ተማሪ ጋር ሳይተያዩ አንድ ሥራ ሠርቶ በቀጠሮው ቀን ማስረከብን ቢለማመድ ምን ይከብዳል?

ቀጣሪውም ያው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር የሚሠራበትን ውል ያውቀዋል። የኛ አለቃ ግን ያላየው ሠራተኛ የሠራ አይመስለውም። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሻይ ቤት የሚውለው ግን ሠራተኛ ነው!

ደግሞስ ሁሉን በመምህሩና በአለቃው ላይ መደፍደፍ ግፍ ነው። በሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከዓለም ተቆረጠች። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። የጎንደሩ ምሩቅ "ኢንተርኔት ተዘግቶብኝ ነው የዘገየሁት" ብሎ ለደንበኛው በምን ይጻፍለት? በፖስታ?

የሠልጣኙን ቁጥር የሚነግረን ክፍል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ቤቱ ተቀምጦ ሠርቶ እንደተከፈለው በሚቀጥለው መግለጫው ያስከትልልን።