ከጥርስ ማንጫው በፊት ውኃው

«ጥርስ ባዳ ነው» እንላለን፤ ልብ እያዘነ ይስቃልና። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ብዙ ወጣት ግን ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድናል። በወንጂ የስኳር እርሻ መንደሮች የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በልዞ ቀርቷል። ይህን ሐፍረት ዛሬ የጥርስ ማንጫ ነጋዴ ገበያ አድርጎታል።

ማንጫ ሁሉ መርዝ ነው አልልም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በሐኪም እጅ በልኩ ሲሰጥ፣ ጥርስ ለጥቂት ቀናት ሙቅና ቀዝቃዛ አልችል ቢል ነው። መጠኑ ሲያልፍ ግን ድድ ያቃጥላል። ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከ0.1 በመቶ በላይ እስከ 6 በመቶ የያዘው ለጥርስ ሐኪም ብቻ እንዲሸጥ፣ 18 ዓመት ላልሞላው እንዳይሰጥ ደንግጓል። በሎሚና በከሰል መፈተግ ደግሞ ኢናሜል የተባለውን የጥርስ ሽፋን ይሸረሽራል። ሽፋኑን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ሲበቅል ስለሚጠፉ አንዴ ከሄደ አይተካም።

የወንጂው ብልዘት ግን እድፍ አይደለም። ጥርሱ ገና ከድድ ሥር ሲሠራ፣ በውኃው ውስጥ የበዛው ፍሎራይድ ኢናሜሉን ያበላሸው ነው። በጣም የተጎዳው ሽፋን የተቦረቦረ ነውና ፍትጊያ ይብስበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። ያን ውኃ ለሕፃናት ማድረስ የመንግሥት ግዴታ እንጂ የማንጫ ነጋዴ ሥራ አይደለም። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ለልጆቻችን ማንጫ ከመሸጣችን በፊት ንጹሕ ውኃ እናጠጣቸው።