መሬት ላራሹ አልን፤ ማረሻ ለሌላትስ?



በዚህች መጽሔታችን ስለ አገር አስተዳደር፣ ስለ ዲሞክራሲና ስለ ዓለም ፖለቲካ ብዙ ይጻፋል። ስለ ጓዳ ግን ሲጻፍ እምብዛም አይታይም። የተማረ ሰው ብዕር ከጎተራና ከመሶብ ይልቅ ከፍ ላለ ነገር የተፈጠረ ነው የሚል አሳብ በልባችን ሳይኖር አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ስለምትይዘው የቤት ሒሳብ ያለኝን አስተያየት ለመግለጽ እፈልጋለሁ። ምሳሌዬንም ከደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ እወስዳለሁ።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከእነዚህ ወረዳዎች መጥተን የምንማር ጥቂቶች አይደለንም፤ ከመካከላችንም በአንዲት እናት እጅ ብቻ ያደገ አለ። የወጪ መጋራት ከተጀመረበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርቱና የምግቡ ወጪ ተመርቀን የምንከፍለው ዕዳ ሆኖ ይመዘገብልናል፤ ሳሙናው፣ ደብተሩና የመኪና መሳፈሪያው ግን ከቤት ነው የሚመጣው። ገንዘቡ ሲዘገይ የሚያማርር ተማሪ አይጠፋም። ከምን ተቀንሶ እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ስለ ቤተ ሰብ ገንዘብ አያያዝ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ዘወትር የሚናገሩት ሦስት ነገር ነው፤ ገቢህን ዕወቅ፣ ወጪህን ቀንስ፣ የተረፈህን አስቀምጥ ይላሉ። ምክሩ ለደመወዝተኛ መልካም ነው። ለገጠሯ እማወራ ሲነገር ግን ጉድለቱ ይታያል። ምነው ቢሉ፣ እርሷ የጎደላት ቁጠባ አይደለም። በርበሬውን በማንኪያ፣ ጨውን በቁንጥር፣ ዘይቱን በጠብታ የምትለካ ሴት ቁጠባን ከእኛ የምትማርበት ምክንያት የለም። የጎደላት በሬ፣ ጉልበትና ጊዜ ነው። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ የብቸኛዋ እናት ሀብት የሚያልቀው ከመሶቧ ሳይደርስ ገና ከማሳዋ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቆጥቢ ከማለታችን በፊት የምታሳርስበትን ውል፣ የምትሸጥበትን ወርና የምትበደርበትን መንገድ ማቃናት ይገባናል።

እንደሚታወቀው በጉና ግርጌ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋም ሆነ ወደ በሽሎ በሚወርደው የጤፍና የማሽላ ቆላ፣ ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ እርፍ መጨበጥ ግን የወንድ ሥራ ነው የሚል ልማድ ጸንቶ ይኖራል። ስለዚህ ብቻዋን የቀረች ሴት መሬት ቢኖራት እንኳ ጥማድ በሬና የሚያርስ ክንድ ይጎድላታል። ወንድ ልጇ እስኪጠና ድረስ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፤ እህሉ ሲወቃ ግማሹን ይወስዳል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። አኃዙ ነገሩን ለማስረዳት ያህል የቀረበ ነው እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ቤት ሒሳብ አይደለም። አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ መሬቷም 8 ኩንታል ስንዴ ሰጠ እንበል። 4 ኩንታሉ ለእኩል አራሹ ሄደ። ከቀረው ላይ ግማሽ ኩንታል ለዘር አስቀመጠች፤ 1 ኩንታል ደግሞ ለግብር፣ ለማዳበሪያ ዕዳና ለልጆች ልብስ ሸጠች። በጎታዋ የቀረው 250 ኪሎ ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንደ ልክ የተያዘው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነበር፤ በዚህ ልክ ለአራት ሰው በወር 60 ኪሎ ያስፈልጋል። እንግዲህ 250 ኪሎው የሚያደርሳት 4 ወር ከ5 ቀን ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ የወቃች እንደ ሆነ ሚያዝያ ሳይጋመስ ጎታው ባዶ ይሆናል።

ይኸው መሬት አባትና በሬ ባለበት ቤት ቢሆንስ? ለዘርና ለሽያጭ ያንኑ ያህል ቀንሰን፣ የአባትየውንም ምግብ ጨምረን በወር 75 ኪሎ ብንቆጥር፣ የቀረው 650 ኪሎ 8 ወር ከ20 ቀን ይዘልቃል። ሁለቱም ቤቶች የበሉት በአንድ ልክ ነው፤ ሁለቱም እኩል ተጠንቅቀዋል። ልዩነቱ የሄደው ግማሽ ምርት ነው። ድህነቷ ካለመጠንቀቅ የመጣ ነው የሚል ሰው ካለ ሒሳቡን ደግሞ ይሥራው።

እኩል አራሹ ቀማኛ ነው ማለቴ አይደለም። በሬ ይቀለባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል፤ የአራሹም ላብ ዋጋ አለው። ነገር ግን የእኩል የተባለው ሁልጊዜ እኩል አይደለም። አራሹ አስቀድሞ የራሱን ማሳ ጨርሶ ወደ እርሷ የሚመጣው የዘር ጊዜ ሲያልፍ ከሆነ፣ ደጋግሞ መታረስ የሚገባውንም መሬት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ገምሶ ከዘራው፣ የምትካፈለው አስቀድሞ የጎደለውን ምርት ነው። ውሉ በቃል ስለ ሆነ በምን ማስረጃ ትከሳለች? ብትከስስስ ለሚመጣው ዓመት ማን ያርስላታል?

እዚህ ላይ እኛ ተማሪዎች ልናስታውሰው የሚገባን ታሪክ አለ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። አዋጁ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ማንም ሰው በቅጥር ጉልበት እንዳያሳርስም ከለከለ። ነገር ግን ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከዚህ ክልከላ ነጻ አደረጋት። ሕጉን ያወጡት ሰዎች «መሬት ላራሹ» የሚለው ቃል እርፍ ለማትጨብጠው ሴት እንደማይበቃ ተረድተው ነበር ማለት ነው። ፈቃዱ ተሰጣት፤ በሬው ግን አልተሰጣትም።

ከዚያ ወዲህም በሕግ በኩል ብዙ ተሠርቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት ላይ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተሰጠው የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ ተደረገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተፋታች ሴት ድርሻዋን በማስረጃ ለመጠየቅ ትችላለች። ደብተሩ ግን አያርስም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሽያጩ ወር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሁሉም ይወቃል፤ ሁሉም ወደ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ግብሩና የብድሩ መክፈያም በዚያው ሰሞን ይጠየቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ እህል ይወደዳል፤ ያን ጊዜ ሻጭ የነበረችው እናት ገዢ ትሆናለች። በነፋስ መውጫም ይሁን በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ይሁን በመካነ ኢየሱስ፣ በጥር ረክሶ ከእጇ የወጣውን እህል በክረምት በውድ ዋጋ መልሳ ትሸምታለች። ሁለት ወላጅ ባለበት ቤት አንዱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ ገንዘብ ሲፈልግ ሌላው ቤት ይጠብቃል። እርሷ ግን ልጆቿን ለማን ትታ ትሄዳለች? ስለዚህ ጠላ ትጠምቃለች፤ አረቄ ታወጣለች፤ ጥጥ ትፈትላለች፤ እንቁላልና የባሕር ዛፍ እንጨት ትሸጣለች። እነዚህ ሁሉ ጥቂት ገንዘብ ያስገኛሉ፤ ውኃ ከምትቀዳበትና ልጅ ከምታይበት ሰዓት ላይ ግን ይወስዳሉ።

የሴፍቲኔቱም ሥራ ከዚሁ ጋር ይታያል። ፕሮግራሙ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ይዞ ሲጀመር፣ ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰብ ነበር፤ ክፍያውም በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አራት ነፍስ ያለበት ቤት የ20 ቀን ሥራ ይደርስበታል። ሠራተኛዋ አንዲት ከሆነች 20ውም ቀን የሚወድቀው በእርሷ ላይ ነው። በአንድ ሰው ላይ የሚወድቀው ቀን ኋላ በደንብ ተወስኗል፤ ነፍሰ ጡርና አራስም ያለ ሥራ እንዲረዱ ተደርጓል። ይህም የሚያሳየን ለሁሉም እኩል የተባለ ደንብ አንድ ክንድ ብቻ ባለበት ቤት እኩል እንደማይሆን ነው።

ሦስተኛው ብድር ነው። ጎታው ባዶ ሲሆን አራጣ አበዳሪ ይመጣል፤ ወይም መሬቱ በወለድ አገድ ይያዛል። በወለድ አገድ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን እንደ ወለድ ይበላል። እንዲህ ሲሆን ግማሽ ምርት ታገኝ የነበረችው እናት ያንኑም ታጣለች፤ ምርት ከሌላት ደግሞ ዕዳውን በምን ትመልሳለች? የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ የሆነው ማለት ነው፣ በቡድን ዋስትና እያበደረ ለብዙዎች አማራጭ ከፍቷል። ሆኖም ዋስ የሚሆኑት ጎረቤቶች አስቀድመው የሚያዩት በሬ ያለውን ሰው ነው።

ይህ ሁሉ መንገድ ሲዘጋ ሒሳቡ የሚወራረደው በልጅ ነው። ወንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እረኛ ወይም አራሽ ይሆናል። ሴቲቱ ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች፤ ወይም ለቤት ሠራተኛነት ወደ ከተማ ትላካለች። በመቀመጫችን ላይ ሊቀመጡ ይችሉ የነበሩ ስንቶች በዚህ ምክንያት እንደ ቀሩ ማሰብ አያቅትም። የአገሩም ሁኔታ እንዲህ ያለውን ቤት ሲያበዛ እንጂ ሲቀንስ አላየንም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ጦርነት ባለፈበት ሁሉ አባት የሌለው ቤት ይቀራል።

አንዳንዶች መፍትሔው ቀላል ነው፤ ታግባ ይላሉ። ወዳ ብታገባ መልካም፤ ነገር ግን ለማረሻ ሲባል የሚገባ ትዳር ውል እንጂ ትዳር አይባልም፤ ለልጆቿም ሁልጊዜ ደኅና አይሆንም። ሌሎች ደግሞ ተዝካሩና ማኅበሩ ነው ያደኸያት ይላሉ። ከመጠን ያለፈ ድግስ መቅረቱን እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ከማኅበርና ከእድር የወጣች ብቸኛ ሴት በታመመች ቀን ማን ይደርስላታል? ለእርሷ ያ ወጪ ቅንጦት ሳይሆን መድኗ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በኔ አስተያየት ሊደረግ የሚቻል አራት ነገር አለ።

አንደኛ፣ የእኩል ውል በጽሑፍ ይሁን። መሬቱ ስንት ጊዜ እንደሚታረስ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ፣ ዘሩና ማዳበሪያው ከማን እንደ ሆነ ተጽፎ በምስክር ፊት ይፈረም፤ በቀበሌውም የመሬት አስተዳደር ዘንድ ይቀመጥ። ይህ ለሕግ ተማሪዎቻችን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ወንፈሉ እርሷንም ያካትት። የአረምና የአጨዳ ቀኗ ከጥማድ በሬ ቀን ጋር በስምምነት ቢለዋወጥ ግማሽ ምርቷን አሳልፋ ከመስጠት ትድናለች። ልማዱም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ በዙምራ ኑሩ መሪነት በተመሠረተው በአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴቶች ያርሳሉ፤ ወንዶችም እንጀራ ይጋግራሉ።

ሦስተኛ፣ ቁጠባው ከወሩ ጋር ይስማማ። በኒዠር፣ በማራዲ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር የተባለው ድርጅት ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት እያዋጡ እርስ በርሳቸው የሚበዳደሩበትና በዓመቱ መጨረሻ የሚከፋፈሉበት ማኅበር አስጀመረ፤ ዘዴውም ወደ እኛ አገር ገብቷል። ለዕቁብ ባለቤቶች ነገሩ እንግዳ አይደለም። የኔ አሳብ ክፍፍሉ በበዓል ሰሞን ሳይሆን በሐምሌ መግቢያ እንዲሆን ነው። ብድር ሰጪዎችም የእማወራዋን መክፈያ ከጥር ወደ ኋላ ቢያዘገዩላት፣ ያው 1 ኩንታል በተሻለ ዋጋ ይሸጥላታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን የማትችለው ሃያ ሲሆኑ ይቻላል።

አራተኛው የእኛ ድርሻ ነው። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ታላላቆቻችን አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ እየተሰማሩ አገልግለዋል። ከእኛ የሚጠበቀው የአንድ ክረምት ጥቂት ሳምንት ነው። ወደ ቤት ስንመለስ የቤቱን ሒሳብ ከእናታችን ጋር ተቀምጠን በወረቀት እናስፍር፤ ምን ያህል ተመረተ፣ ስንት ለአራሽ ሄደ፣ በየትኛው ወር በስንት ተሸጠ፣ በስንት ተሸመተ። መምህሮቻችንም የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲሰጡ የእኩልን ውልና ወለድ አገድን ከርእሶቹ መካከል ቢያስገቡልን የተማርነው ትምህርት አገሩን ያውቃል።

የተማሪው ማኅበርም ወረቀቶቹን ሰብስቦ በዚህች መጽሔት ያለ ስም ቢያወጣቸው፣ ስለ እማወራዎች ቁጠባ ከመናገራችን በፊት የሚያስፈልገንን ማስረጃ እናገኛለን። ከ1957 ዓ.ም. ሰልፈኞች የወረስነው ጥያቄ ገና ግማሹ ብቻ ነው የተመለሰው። መሬቱ ተገኝቷል፤ ማረሻው ቀርቷል። ይህንንም ጥያቄ እንደ በፊቱ በመፈክር ሳይሆን በሒሳብ ይዘን እንድንነሣ አሳስባለሁ።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ