ቅጹን ራሳችሁ ሙሉት

እኔ የምለው ጎበዝ፣ ቪዛ የሚባል ነገር ስንሰማ እጃችን መጀመሪያ ወደ ኪሳችን የሚሄደው ለምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዷ ጓደኛዬ ማኪያቶ ልጋብዝሽ ብላ ጠርታኝ 90 ሺህ ብር እያሰባሰበች እንደሆነ ሹክ አለችኝ። ለአውስትራሊያ «ዎርኪንግ ሆሊዴይ» ቪዛ ነው። አንድ ዓመት እየሠራሽ፣ አገር እያየሽ... ደላላው «ኮታ አለኝ» ብሏታል። (ኮታ የሌለው ደላላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?)

እናላችሁ ቪዛው ውሸት አይደለም። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ፍራንክፈርት ያደገችው የአክስቴ ልጅ ማንንም ሳታስቸግር አግኝታዋለች። አንድ ማታ ሻይዋን እየጠጣች የአውስትራሊያ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፈተች፣ ቅጹን ሞላች፣ ፓስፖርቷን ስካን አድርጋ አያያዘች፣ ከ600 በላይ የአውስትራሊያ ዶላር በካርዷ ከፈለች፤ አለቀ። ዕድሜ ከ18 እስከ 30 (ለጥቂት አገሮች እስከ 35)፣ መቋቋሚያ 5 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ያህል፣ ልጅ ይዞ መሄድ የለም። ሁለተኛ ዓመት ለመጨመር ሦስት ወር እርሻና እርሻን የመሰለ ሥራ መሥራት አለባት። አሁን ወይን እየለቀመች «ወገቤን!» እያለች ትጽፍልኛለች።

ግን ፓስፖርቷ የጀርመን ነው። ቪዛው 417 እና 462 የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ሁለቱም የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር አላቸው፤ ሁለቱም ላይ ኢትዮጵያ የለችም። ዱባይ ወይም ቤይሩት ብትኖሩም ለውጥ የለውም፤ የሚታየው የያዛችሁት ፓስፖርት ነው። እኔና እሷ የአንድ አያት ልጆች፣ የሦስት ወር ታላቅና ታናሽ ነን። ያናድዳል፤ አልዋሽም። ንዴቱ ግን 90 ሺህ ብር አያስከፍልም።

ቅጹን ራሳችሁ ሙሉት የምለው ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ራሱ የሚሞላ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ማንበቡ አይቀርም፤ «ለማን ይሰጣል» የሚለው ደግሞ እዚያው ነው። ደላላው የሚበላው ያንን ገጽ ሳናነብ በመቅረታችን ነው። ጓደኛዬ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ትለኛለች። በዲግሪ የተመረቀች ልጅ! ምንጭ ሳታረጋግጡ ዜና አትጻፉ የተባልነው እኮ አንድ ክፍል ተቀምጠን ነው።

ደላላው በስሟ ሐሰተኛ ሰነድ ቢያስገባስ? አውስትራሊያ ከደረሰችበት ለ3 ዓመት ቪዛ ልትከለክላት ትችላለች። ነገ ለትምህርት ላመልክት ብትል እንኳ ጣጣው እሷን ይከተላል እንጂ ስልኩን የሚቀያይረውን ሰውዬ አይደለም።

ሐሙስ ከደላላው ጋር ቀጠሮ አላት። «አብረሽኝ ነይ» ብላኛለች፤ እሄዳለሁ። ሁለቱንም ዝርዝር ፕሪንት አድርጌያለሁ። ኢትዮጵያ የቱ ጋ እንዳለች በጣቱ ያሳየን።