በሰፊ ፎቶግራፍ ከዳር የቆሙት ሰዎች ስለ ምን ይጨልማሉ

ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ጊዜ ፎቶግራፍ መነሣት በየቤቱ የተለመደ ነገር ነው። ዘመዱ የበዛ እንደ ሆነ ግን ተራው ካሜራ ሁሉን ስለማይበቃ፣ ቁመቱ አጭር ወርዱ ረዥም የሆነ፣ ፓኖራማ የሚባለውን ሥዕል የሚያነሣ ካሜራ ይፈለጋል። እኛም ዛሬ በዚህ ገጽ ስለዚሁ ካሜራ አንድ ጕድለትና ስለ መድኀኒቱ ጥቂት ለመናገር ያሰብነው፣ ጕድለቱ በገዛ ቤታችን ስለ ደረሰብን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመልስ ቀን 43 ነፍስ ሆነን በግቢያችን ውስጥ በሁለት ረድፍ ቆምን። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት አክስታችን ነበሩ። ወንበር በመካከል ቢዘጋጅላቸው፣ «መካከሉስ ለሙሽሮቹ ነው፤ እኔን ዳሩ ይበቃኛል» ብለው ከረድፉ በስተ ግራ ጫፍ ሄደው ቆሙ። ፊልሙ ታጥቦ በመጣ ጊዜ መካከሉ እንደ ቀትር በርቶ፣ ሁለቱ ዳሮች ግን እንደ ምሽት ጨልመው አገኘናቸው። የአክስታችን ነጠላ ግራጫ መስሎ ይታያል፤ ፊታቸው ግን ከኋላቸው ካለው የጥድ ጥላ አይለይም። ፎቶግራፍ አንሺው «ደመና አልፎ ይሆናል» አለን፤ እኛም አመንነው። አክስታችን በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ዐረፉ። ለአርባቸው ፎቶግራፋቸው ቢፈለግ ከዚያ በቀር ሌላ አልተገኘም።

ደመና አለመኖሩን የተረዳነው ኋላ ነው። ያ ካሜራ በፊልሙ ላይ የሚያነሣው ሥዕል ቁመቱ 56፣ ወርዱ 168 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ 120 ከሚባለው ጥቅል ፊልምም አራት ሥዕል ብቻ ይወጣል። ሌንሱ ደግሞ ባለ 90 ሚሊሜትር ሰፊ ሌንስ ነበር። ብርሃን በሌንሱ ቀዳዳ ገብቶ ወደ ፊልሙ መካከል ሲሄድ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ግን 43 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። በማጋደሉም ብዙ ይጐድልበታል። ክብ የነበረው ቀዳዳ ከጐን ሲታይ ይጠብበታል፤ በርም ቢሆን ከፊት ለፊት ሲያዩት ሰፊ፣ ከጐን ሲያዩት ጠባብ ነው። መንገዱም ይረዝምበታል፤ መብራት በራቀ መጠን ብርሃኑ እንደሚሳሳ ማንም ያውቃል። በመጨረሻም በፊልሙ ላይ የሚያርፈው በአግድም ስለ ሆነ፣ የማታ ፀሐይ በምድር ላይ እንደምትበተን በሰፊ ስፍራ ይበተናል። ሒሳብ የተማሩ ሰዎች ይህን ሁሉ በአንድነት ሲያሰሉት፣ የማዕዘኑን ኮሳይን አራት ጊዜ እርስ በርሱ ያባዙታል። በዚህም ስሌት መካከሉ መቶ እጅ ብርሃን ቢያገኝ፣ በ30 ዲግሪ ላይ 56፣ በ45 ዲግሪ ላይ 25፣ በ60 ዲግሪ ላይ 6 እጅ ብቻ ይደርሳል። የዛሬ ሌንስ ሠሪዎች የመስተዋቱን ቅርጽ በጥበብ እያበጁ ኪሳራውን ቀነሱት እንጂ ጨርሰው አላጠፉትም።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። ነጭ ልብስ ከብርሃኑ ሦስት አራተኛው ቢወሰድበት እንኳ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ጠይም ፊት ግን ያው ብርሃን ከተወሰደበት ወደ ጥላነት ይገባል፤ ይልቁንም ስላይድ በሚሉት ፊልም ላይ፣ የብርሃን ስሕተትን ስለማይታገሥ፣ አንዱም የፊት መስመር አይተርፍም። ኔጋቲቭ ፊልም ግን ከዚህ ይልቅ ይታገሣል።

አንዳንድ አንሺዎች የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ይህን ሁሉ የሚፈውስ ይመስላቸዋል። እውነቱ እኩሌታ ነው። ቀዳዳው በሰፊው በተከፈተ ጊዜ የሌንሱ ቀፎ ራሱ ወደ ዳር የሚሄደውን ብርሃን ይጋርዳል፤ ሲጠብ ይህ ግርዶሽ ይወገዳል። በማጋደል የሚመጣው ጕድለት ግን ቀዳዳው እስከ 32 ቢጠብም ያው ነው።

መድኀኒቱ የመካከል ማጣሪያ የሚባል ክብ መስተዋት ነው። መካከሉ የጠቈረ፣ ወደ ዳሩ እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ጥርት ያለ ሲሆን፣ ቀለምን ሳይለውጥ ብርሃንን ብቻ ይቀንሳል። በሌንሱ አፍ ላይ ይጠመዘዛል። ለዳሩ ግን አንዳች ብርሃን አይጨምርም፤ ለድኻው አይሰጥም፣ ከባለጸጋው ይቀንሳል እንጂ። ስለዚህ ከመካከሉ የተቀነሰውን ያህል ለሁሉም የሚሆን ጊዜ መጨመር የአንሺው ተግባር ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ዳሩን አበራለሁ ሲል መካከሉንም ያጨልማል። በእጅ የሚያዘው የብርሃን መለኪያ ማጣሪያ መኖሩን አያውቅምና። ለምሳሌ ፍጥነቱ 100 በሆነ ፊልም፣ በጠራ ፀሐይ፣ ቀዳዳውን 16 አድርጎ መዝጊያውን በሰኮንድ 1/125 መክፈት ይበቃ ነበር። የአንድ ደረጃ ተኩል ማጣሪያ ከገባ ግን መዝጊያው 1/30፣ ቀዳዳው በ16ና በ22 መካከል ሊሆን ይገባል። በዚህ ፍጥነት ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ መቆም አለበት፤ ልጆችም መቆም አለባቸው፤ ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል።

ደግሞም ማጣሪያው በደንብ የሚሠራው ቀዳዳው ከሙሉ ስፋቱ ቢያንስ ሁለት ደረጃ ከጠበበ በኋላ ነው፤ 5.6 የነበረው 11 ሲሆን ማለት ነው። በሰፊ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ከማጣሪያው ጥቍርና ጥርት ክፍል ተቀላቅሎ ስለሚያልፍ፣ ልኩ ይጠፋል። ማጣሪያውም ለየሌንሱ የተለካ ነውና የአንዱ ለሌላው አይስማማም። የጀርመኑ ሊንሆፍ ቴክኖራማ 617 ባለ 90 ሚሊሜትር ሌንሱ፣ የጃፓኑ ፉጂ ጂኤክስ 617 ለባለ 90ና ለባለ 105 ሌንሶቹ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998 የወጣው ሃሰልብላድ ኤክስፓንም ለባለ 30 ሚሊሜትር ሌንሱ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማጣሪያ አላቸው። ዋጋው ቀላል አይደለም። ባለ 180 ሚሊሜትር ሌንስ ላለው ሰው ግን ጕድለቱ ከአንድ ደረጃ በታች ስለ ሆነ ገንዘቡን ባያወጣ እንመክራለን።

የቀድሞ ሰዎች በዚህ ነገር ያሰቡትን ስናነብ ተደንቀናል። በበርሊን የነበረው የጎርትስ ፋብሪካ በ1900 ሂፐርጎን የተባለ፣ ከ130 ዲግሪ በላይ የሚያይ ሌንስ አወጣ። በሌንሱ ፊት በኮከብ ቅርጽ የተቈረጠች ትንሽ ሰሌዳ ነበረች፤ አንሺው የጎማ ፊኛ ሲጨብጥ በአየሩ ግፊት እየተሽከረከረች የመካከሉን ብርሃን ትከለክላለች፤ በመጨረሻ ትወርድና መካከሉም ድርሻውን ያገኛል። በ1904 በአሜሪካ የወጣው ሰርከት የተባለው ካሜራ ደግሞ ራሱ እየዞረ በጠባብ ስንጥቅ የሌንሱን መካከል ብቻ ስለሚጠቀም፣ ማጣሪያ አላስፈለገውም። ነገር ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ረድፍ በሥዕሉ ላይ ይጐብጥበታል፤ ስለዚህም ሰዎቹን እንደ ግማሽ ክብ ያቆሟቸው ነበር። ፈጣን ልጅም በአንዱ ጫፍ ከተነሣ በኋላ በስተ ኋላ ሮጦ በሌላው ጫፍ ሁለተኛ ይነሣ ነበር ይባላል።

ማጣሪያው የማያድነውንም መናገር ይገባናል። በሰፊ ሌንስ ከዳር የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ጐን ሰፋ ይላል። ስለዚህ ወፍራም ዘመድ ያለው ሰው ወደ መካከል ቢያቀርበው ቅሬታ ይቀርለታል።

ባለፈው ፋሲካ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ዐይነት ካሜራ፣ አሁን ግን ማጣሪያ በያዘ አንሺ ተነሣን። አንድ ሕፃን ራሱን አዙሮ ፊቱ ተምታቷል። የአሮጌውንም ሥዕል ፊልም ወደ ኮምፒዩተር አስገብተን ዳሩን አበራነው። የአክስታችን የነጠላ ጥለት ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፊታቸው ግን አሸዋ የተረጨበት መስሎ፣ ዐይናቸውን ማየት አልተቻለም። ሁለቱን ጐን ለጐን ሰቅለናቸዋል። በአዲሱ ሥዕል በስተ ግራ ጫፍ የቆመችው የልጅ ልጃቸው ናት፤ የጥርሷ ፍንጭት ሳይቀር ይታያል።