ከሸራው ሥር ላሉ እጆች ሥራ እንስጣቸው!

የአፍደም ሰዎች፣ የኤረርና የሚኤሶ ጎረቤቶች፣ ጅግጅጋ ያላችሁ ወገኖች! ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ ወቅት ከወቅት ከዳን። ከብቱ አለቀ፤ ስንቱ አርብቶ አደር ቤት አልባ ሆኖ ከተማ ዳር ሰፈረ። ስንዴ አዋጥተናል፣ ሸራ ወጥረናል። ደግ አድርገናል፤ ግን አልጨረስንም።

በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት። የጋሎል ዛፍ ልጥ ልጣ፣ በጥርሷ አኝካ ታለሰልሰዋለች፤ ከዚያ ገምዳ፣ ጎንጉና ሰሌን ታወጣለች። ሴቶቹ ተሰብስበው ሲሠሩ ይዘፍናሉ፤ ሐዘናቸውንም ምኞታቸውንም በዜማው ያወጡታል። ያቺ ባለሙያ ዛሬ ሰው የወጠረላት ሸራ ሥር እጇን አጣጥፋ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀምጣለች። ቤቷን ስታጣ ሙያዋም፣ የምትተነፍስበት ዜማም አብሮ ተወስዶባታል።

ጥበብ የተሰበረን ሰው እንደሚያቆም በአገራችን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ ላይ የጎዳና ልጆችን አሠልጥኖ ለመድረክ አበቃ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ፤ ቡድኑ ያፈራው ጁነይድ ጀማል ሰንዲም በዓለም መድረክ ታወቀ። ትናንት መንገደኛ ገፍቶት የሚያልፈው ልጅ፣ ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት።

እኛ ደግሞ መምህር ከሩቅ አንጠራም፤ መምህራኑ ሸራው ሥር ናቸው። ስለዚህ እንነሳ! ወረዳው ጥላ ያለው ቦታ ይስጥ፤ ወጣቶች ዳስ ይጣሉ። እናቶች ሰሌንና የወተት ዕቃ ይሥሩ፣ ሴት ልጆቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተምሩ። ዛፉ እንዳይራቆት ልጡ ከየትና ምን ያህል እንደሚላጥ ሽማግሌዎች በኢሳ ባህላዊ ሕግ፣ በሄር ኢሴ ይደንግጉ፤ በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ይህ ሕግ የኛው ነው። ነጋዴው ሥራቸውን በተገቢው ዋጋ ይግዛ። ተማሪዎች ዘፈኑን በስልካቸው ይቅረጹ። ለጋሾችም ከስንዴው ጎን ልጥና ክር ይጫኑ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ወደ አንዲት ተፈናቃይ እናት እንሂድ። «እናታችን፣ ምን እናምጣልሽ?» ብለን እንጠይቃት፤ የጠየቀችንንም ይዘን እንመለስ።